ይምርሃነ ክርስቶስ፤ በዋሻ ጥላ ያለው ቤተ ክርስቲያን

ወደ ላስታ የሚዘልቅ መንገደኛ ዐይኑንም ልቡንም አስቀድሞ ለላሊበላ ስለሚሰጥ፣ በጻድቁ ንጉሥ ስም የምትጠራውን ከተማ ተሳልሞ፣ ከአለት የተፈለፈሉትን ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ዞሮ ባየ ጊዜ የአገሩን ምስጢር ሁሉ የፈጸመ ይመስለውና ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል። እኔም ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግን በቤተ አማኑኤል ቅጥር ቆሜ፣ ካሜራዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ስመለከት ያዩኝ አንድ አረጋዊ ካህን ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ቅጁን አንብበህ ዋናውን መጽሐፍ ሳታይ ልትሄድ ነውን?» አሉኝ። ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ ዝም ብዬ ባያቸው ጊዜ፣ በመቋሚያቸው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አመለከቱና፣ «ይምርሃነ ክርስቶስን እይ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ብታየው ይህ ግድግዳ ራሱ ይነግርሃል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የካህኑ ምሳሌ የተፈታልኝ በማግሥቱ ቢሆንም አንባቢ እንዳይቸገር አስቀድሜ ልግለጠው። የቤተ አማኑኤል ግድግዳ አንድ ወጥ አለት ነው፤ ጠራቢዎቹ ግን አንዱን ገባ፣ አንዱን ወጣ እያደረጉ ከመሠረቱ እስከ ጣራው ድረስ አግድም የተጋደሙ መስመሮች አውጥተውበታል፤ በመስኮቶቹም ማዕዘን የተቈረጠ የእንጨት ጫፍ የሚመስል ነገር ቀርጸውበታል። ይህ ሁሉ አንድ ወጥ ለሆነ ድንጋይ አይደግፈውም፣ አያጠናክረውም፤ ሥራ ያለው በእንጨትና በድንጋይ እየተፈራረቀ በሚታነጽ ግድግዳ ላይ ነው። እንግዲህ የላሊበላ ጠራቢዎች አለቱን ሲፈለፍሉ በዐይነ ሕሊናቸው ፊት የቆመ ሌላ ዓይነት ቤት ነበረ ማለት ነው፤ ያ ቤት ምን ይመስል እንደ ነበረ በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳሶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ደግሞ የሚሄድበት ቦታ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ይምርሃነ ክርስቶስ ነው።

ስፍራው ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ምዕራባዊ ጐን ይገኛል። አሞራ እንደሚበር ቢለካ ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን የላስታ ተራራና ገደል በቀጥታ የማያስኬድ ስለ ሆነ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወይ በእግሩ ወይ በበቅሎ መጓዝ ነበረበት። ዛሬ በቢልባላ በኩል የሚዞር የመኪና መንገድ ስላለ፣ በጠዋት የተነሣ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ሊደርስ ይችላል። እኔ በበቅሎ የሄዱትን እቀናባቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ በድካም የደረሰ ሰው ለማየት የሚዘጋጅበትን ጊዜ መንገዱ ራሱ ይሰጠዋል።

መኪናው ከመንደሩ ሲቆም ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም። የሚታየው ገብስ የሚዘራበት ተዳፋት፣ የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ ከእነርሱም በላይ ገደሉን የሸፈነ ጥቁር አረንጓዴ ደን ነው። በሰሜኑ ደጋ ውስጥ ጥንታዊው የጽድና የወይራ ዛፍ ከእርሻና ከምሳር የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ እንደ ሆነ የሚታወቅ ነውና፣ ያን ደን ባየሁ ጊዜ ታቦት በአጠገቡ እንዳለ ሰው ሳይነግረኝ ዐወቅሁ። የድንጋዩን መንገድ ይዤ፣ ትንፋሼ እያጠረኝ፣ በየመታጠፊያው እየቆምኩ በጽዶቹ ጥላ ሥር ወጣሁ፤ ከመንደሩ ሕፃናት ሁለቱ ከፊቴ እየሮጡ ይወጣሉ፣ ተመልሰውም «አባባ፣ ደርሰናል» እያሉ ያጽናኑኛል።

ከላይ ሲደርሱ ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያደረገ ታላቅ ዋሻ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በአፉ ላይ ከቅርብ ዘመን ወዲህ የተሠራ ግንብ ስለ ቆመ ከውጭ ለሚመጣ ሰው የውስጡ ነገር ተሰውሮበታል፤ ይህ ግንብ ለጥበቃ ጠቅሞ ይሆናል፣ ለዐይን ግን በደል ነው ብዬ እፈርዳለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ስፍራ አይቶ፣ የዋሻውን ስፋት ለአገሩ ሰዎች ለማስረዳት ሦስት ታላላቅ መርከቦች ከነምሰሶአቸው የሚያስገባ መሆኑን ጽፏል። የባሕር አገር ሰው ስለ ነበረ መርከብ ታየው፤ እኔ ግን የግንቡን በር አልፌ ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆሜ ቀና ባልኩ ጊዜ የታየኝ ሌላ ነበር፤ ጥቁር መጋረጃ ከበስተኋላው የተጋረደለት፣ ነጭና ጥቁር ጥለት ያለው ልብሰ ተክህኖ ለብሶ የቆመ ካህን መሰለኝ።

ይህን ቤት ያነጸው ከዛጔ ነገሥታት አንዱ የሆነው ቅዱስ ይምርሃነ ክርስቶስ ነው፤ ስሙም «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ዘመኑን ሊቃውንት በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በ12ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ያደርጉታል፤ ከላሊበላ በፊት መንገሡ ግን የታወቀ ነው። ገድሉ ንግሥናን ከክህነት ጋራ አስተባብሮ እንደ ያዘ፣ በዘውዱ ሥር ቆብ፣ በበትረ መንግሥቱ አጠገብ መስቀል እንዳልተለየው ይናገራል፤ ይህን ስፍራም ወግረ ስሒን፣ ማለት የዕጣን ተራራ፣ ብሎ ይጠራዋል። የአካባቢው ትውፊት ደግሞ ስፍራው ቀድሞ ውሃ የቆመበት ረግረግ እንደ ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በውሃው ላይ በተነጠፈ እንጨትና አፈር እንደ ታነጸ፣ ለሕንጻው የሚሆነውም እንጨት ከግብፅ አገር እንደ መጣ ይተርካል። ካህናቱ ይህን ሲነግሩኝ የታሪክ ክርክር ለማንሣት ሳይሆን ንጉሡን ለማክበር ስለ ነበረ፣ እኔም እንደ አነጋገራቸው በአክብሮት ሰምቻለሁ።

የሕንጻውን ጥበብ ለመረዳት ወደ አክሱም መመለስ ያስፈልጋል። የአክሱም አናጢና ግንበኛ ድንጋዩን ጥቂት ከፍ ካደረገ በኋላ ረጅም ጠርብ በግድግዳው ላይ ያጋድማል፤ በላዩ ድንጋይ ይደረድራል፤ እንደ ገና ጠርብ ያጋድማል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ የወጣውን ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ በሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ይቈልፈዋል። የእነዚህ አጫጭር እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በአክሱም የቆሙት ታላላቅ ሐውልቶች በላያቸው የተቀረጸው በርና መስኮት፣ የዝንጀሮ ራሱም ጭምር፣ የዚህ ዓይነቱ ቤት ምስል ነው። ነገር ግን እንጨት የዝናብ ሲሳይ፣ የእሳትም ምግብ ነውና በዚህ ጥበብ ከታነጹት ቤቶች ቆመው የቀሩ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ደብረ ዳሞ በገመድ በሚወጣ አምባ ላይ ሆኖ ተጠበቀ፤ ይምርሃነ ክርስቶስ ደግሞ የዋሻው ጣራ ዝናቡንና ፀሐዩን ስለ ከለከለለት ተጠበቀ። በዚህ በሁለተኛው ግንበኞቹ የድንጋዩን ረድፍ በነጭ ልስን ሸፍነው፣ እንጨቱን ሳይለስኑ በጥቁርነቱ ስለ ተዉት፣ ሌላ ቦታ ለብርታት ብቻ ይደረግ የነበረው ነገር እዚህ ውበትም ሆኗል። መስኮቶቹ በመስቀልና በሐረግ ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው፤ እያንዳንዱን ለብቻው እየቆምኩ ሳይ አንዱን ያበጀው እጅ በሚቀጥለው ላይ ያንኑ መድገምን የተጸየፈ መስሎኛል።

ፎቶግራፍ ለማንሣት የሄድኩ እንደ መሆኔ፣ ስለዚህ ነገር የምለውን ሳላድበሰብስ ልናገር። ካሜራ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚገባው ካሜራውን ከከረጢቱ አለማውጣት ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ደጃፉን ተሳልሜ፣ የመግቢያውን ክፍያ ከፈልኩና ቄሰ ገበዙ የት እንዳሉ ጠየቅሁ፤ በዋሻው ጥግ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበርና እስኪጨርሱ ድረስ ራቅ ብዬ ቆየሁ። መጽሐፉን አጥፈው ቀና ሲሉ ቀርቤ፣ «ይባርኩኝ አባቴ» አልኩ። በመስቀላቸው ባርከውኝ የመጣሁበትን ጠየቁኝ። በነገርኳቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጄ፣ የሚያነሣን ሰው ብዙ ነው» አሉ፤ «ፈረንጁም ያነሣናል፣ የአገሩም ሰው ያነሣናል። ይህ ቤት በየአገሩ እንዳለ እንሰማለን። እኛ ግን አንዱን እንኳ አላየነውም።»

ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ቃል ግን ገባሁላቸው። እርሳቸውም የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ለይተው ነገሩኝ። ከቅኔ ማኅሌቱና ከቅድስቱ ወገን የሚታየውን ማንሣት ይቻላል፤ ወደ መቅደሱ መጋረጃ ካሜራ ማዞር አይቻልም፤ በጸሎት ላይ ያለን ሰው ሳያስፈቅዱ ማንሣት አይገባም፤ እንደ መብረቅ የሚበርቀውንም መብራት ጨርሶ አልወደዱትም። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ከጥበቡም ሕግ ጋራ ይስማማል። ጠንካራ ብርሃን እየተደጋገመ ሲያርፍበት የጥንት ቀለም መደብዘዙ አይቀርም፤ ይልቁንም ፍላሽ በአንድ ጊዜ ከፊት ለፊት ስለሚመታ የግድግዳውን ገባና ወጣ ያጠፋዋል፤ የይምርሃነ ክርስቶስ ግድግዳ ደግሞ ውበቱ ሁሉ በዚያ ገባና ወጣ ላይ ባለው ጥላ ነው።

ስለዚህ ጊዜን ከብርሃን ጋራ መለወጥ ግድ ነው። ዋሻው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚያይ ብርሃን የሚያገኘው በማለዳ ነው፤ ያም ብርሃን በግንቡ ላይ ተሻግሮ ወለሉንና የዋሻውን ጣራ ከነካ በኋላ ለዝቦ፣ እንደ ተጣራ ማር ረግቶ በነጩ ልስን ላይ ያርፋል። ካሜራውን በባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስሬ በመጀመሪያ ያነሣሁት ሥዕል ተበላሸብኝ፤ የብርሃን መለኪያው ነጩን ልስን ብቻ አይቶ ብርሃኑ የበዛ ስለ መሰለው እንጨቱ ሁሉ ከሰል ሆኖ ወጣ። ኋላ ከዋሻው ግራጫ ድንጋይ ላይ ለክቼ፣ መክፈቻውን ጥቂት ሰኮንዶች ያህል ክፍት እያደረግሁ ማንሣት ጀመርኩ። በእንዲህ ያለ ረጅም አነሣሥ የሚንቀሳቀስ ሁሉ አይመዘገብም። ውሃ የሚቀዳው ዲያቆን፣ የሚመላለሱት ሕፃናት፣ ጐብኝዎቹም እኔ ካነሣሁት ሥዕል ጠፍተዋል፤ የቀረው በደጃፉ አጠገብ ግንባሯን በግድግዳው ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ ቆማ ትጸልይ የነበረችው ነጠላ ለባሽ አሮጊት ብቻ ናት። ፈቃዷን የጠየቅኋት ጸሎቷን ከጨረሰች በኋላ ነበር፤ ባትፈቅድልኝ ኖሮ ሥዕሉን አጠፋው ነበር፤ «ለበረከት ይሁንልህ» ብላ ፈቀደችልኝ።

ውስጡ ከውጭው ይልቅ ጨለማ ነው። በሁለት ረድፍ የቆሙ ዐምዶች ቤቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ በመቅደሱ ላይ ጕልላት አለ። ዐይን ጨለማውን ከለመደ በኋላ ከጣራው እንጨት ላይ በየሳጥኑ ተከፋፍለው የተሣሉና የተለበጡ ሐረጎች፣ አዕዋፍና አራዊት አንድ በአንድ ይገለጣሉ፤ እንደ ሌሊት ከዋክብት የሚታዩት ለሚታገሥ ሰው ነው። በግድግዳው ላይ ያሉት ከወንጌል ታሪክ የተወሰዱ ሥዕሎች በአገራችን እስከ ዛሬ ከቆዩት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ወገን ናቸው። ይሁን እንጂ የብዙ መቶ ዓመታት የጧፍና የዕጣን ጢስ ስለ ለበሳቸው ፊታቸው በከፊል ተሸፍኗል። አንዳንድ ሰው ይህን ጥላሸት አይቶ ካህናቱን ሲወቅስ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቤቱ የታነጸው ለጸሎት ነው፤ ጥላሸቱም ጸሎቱ አንድ ቀን ሳይቋረጥ መቆየቱን ይመሰክራል። ሥዕሎቹን ማጽዳት የሚገባው ጥበቡን በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ብቻ ነው፤ ባላወቀ እጅ ከሚጸዱ እንዲሁ ቢቈዩ ይሻላል።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በጨርቅ የተሸፈነው የንጉሡ መቃብር አለ፤ ምእመናን ዞረው ይሳለሙታል። በዚያው በዋሻው ውስጥ፣ በዚሁ ጥበብ የታነጸና ትውፊት የንጉሡ መኖሪያ ነበር የሚለው ሌላ ቤት ቆሟል። ከሁሉም በስተኋላ፣ ዋሻው ዝቅ በሚልበት ጨለማ ውስጥ፣ ከሩቅ አገር ጭምር መጥተው በዚህ ስፍራ ዐርፈው መቀበርን የመረጡ ናቸው የሚባሉ የምእመናን ዐፅሞችና በደረቁ አየር ሳይፈርሱ የቀሩ አስከሬኖች ተከማችተው ይገኛሉ። አንድ ጐብኚ በእጅ መብራት እያበራ ሲያነሣቸው አየሁ። የሚከለክለው ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ካሜራዬን ዘግቼ ወጣሁ። እነዚያ ሰዎች በጻድቁ ጥላ ሥር ተሰውሮ ማረፍን ሽተው የመጡ ናቸውና፣ ምንም ዘመናቸው ቢርቅ ያለ ፈቃዳቸው ፊታቸውን ለዓለም ማሳየት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ፎቶግራፍ ለቤተ ክርስቲያን ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ በመንገድ ስመለስ ብዙ አሰብኩበት። በአሥመራ እንደ ይምርሃነ ክርስቶስ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጥናት ጓድ በዚያ ባለፈ ጊዜ መዝግቦት ሄደ። ኋላ ያ ቤት ፈርሶ በስፍራው አዲስ ተሠራ፤ ዛሬ ያን ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው በዚያ መዝገብ ነው። እንደዚሁም በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው ታላቁ የወርቅ መስቀል ባሕር ተሻግሮ ከቤልጅግ የቅርስ ነጋዴ እጅ ከተገኘ በኋላ በ2001 ወደ ቦታው ተመልሷል። ስሙ ዓለምን የዞረ፣ መልኩ የታወቀ መስቀል ስለ ነበረ ተለየ። በየገጠሩ ደብር በዕቃ ቤት ጨለማ ያለው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነሣው የብራና መጽሐፍና መስቀል ቢሰረቅ ግን ባለቤቱ የሚያቀርበው ማስረጃ ከቃሉ በቀር ምን አለው?

ወደ ላሊበላ ተመልሼ በማግሥቱ ማለዳ እንደ ገና በቤተ አማኑኤል ፊት ቆምኩ። ግድግዳው ያው ነበር፤ ነገር ግን ቀድሞ ጌጥ ብቻ የመሰለኝ መስመር ሁሉ አሁን የተጋደመ ጠርብ ሆኖ ታየኝ፤ በመስኮቱ ማዕዘን ያለውም ድንጋይ እንጨት ነኝ እያለ ተናገረ። አረጋዊውን ካህን ፈልጌ አጣኋቸው። ያነሣኋቸውን ሥዕሎች ግን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በወፍራም ወረቀት አሳትሜ፣ በእያንዳንዱ ጀርባ የተነሣበትን ቀንና የሚያሳየውን ክፍል ጽፌ፣ ለጥቅምት 19 የጻድቁ በዓል ወደዚያ ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ሰጠኋቸው፤ ለቄሰ ገበዙ በእጃቸው መድረሱንም ሲመለሱ ነግረውኛል።

እናንተም አንባብያን፣ በየቤታችሁ ሣጥንና በየስልካችሁ ውስጥ የተወለዳችሁበት ወይም የተሳለማችሁት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ፎቶግራፍ ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ቅጅ አሳትሙና ቀኑንና ስፍራውን በጀርባው ጽፋችሁ ለዚያው ደብር ቄሰ ገበዝ ላኩ።